ለባለ አንድ ኮከቡ ዳኛ የቀረበ ውዳሴ

ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲታሰብ 172,800 ሥዕል ማለት ነው። ፊልሙ ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ የሚያየው የአስማትና የድራጎን ታሪክ ከሆነ፣ ከእነዚህ ሥዕሎች በብዙዎቹ ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በዓለም ላይ የሌለ ፍጡር ጥላው መሬት ላይ እንዲያርፍ፣ ፀጉሩ በነፋሱ አቅጣጫ እንዲነሳ፣ ዓይኑ የሚያናግረውን ልጅ እንዲያይ ሲደክም ከርሟል። ይህን ሁሉ ድካም በስድስት ቃል የሚዘጉ ሰው ግን አሉ፤ «ጊዜዬን ነው ያቃጠለው። አንድም ኮከብ በዛበት።» ክብር ለእሳቸው ይሁን። እሳቸው ባይኖሩ ስንቶቻችን ፊልሙን አይተን፣ ወደን፣ ዝም ብለን እንቀር ነበር!

የክቡር ዳኛችን የመጀመሪያው ጥበብ ፊልሙን ሳያዩ መፍረድ ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል የማትሞላ የማስታወቂያ ቅንጭብ ትበቃቸዋለች። ቅንጭቧን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘጋጃት ፊልሙን ያቀናበረው ሰው ሳይሆን ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ ሌላ ድርጅት ነው። ሙዚቃዋም ብዙ ጊዜ ፊልሙ ውስጥ የለም። የድራጎኑ ቆዳም ቢሆን ተሠርቶ ሳያልቅ ለቅንጭቧ ሲባል ተቻኩሎ የወጣ ሊሆን ይችላል። ተራ ተመልካች ይህን ሲያስብ ትንሽ ያመነታል፤ እሳቸው አያመነቱም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሮተን ቶማቶስ የተባለው የፊልም ግምገማ ድረ ገጽ፣ ተመልካች ገና ባልወጣ ፊልም ላይ አስተያየት እንዳይጽፍ ሲከለክል በደሉ የደረሰው በነቢያት ላይ ነበር።

የዚሁ ድረ ገጽ መቶኛ ሲነበብም ከእሳቸው የሚደርስ የለም። ቁጥሩ ፊልሙ ከመቶ ያገኘው ማርክ አይደለም፤ ከገምጋሚዎቹ መካከል ስንቶቹ «ደህና ነው» እንዳሉ ብቻ ነው የሚናገረው። 60 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆኑት ከወደዱት ቲማቲሙ ቀይ ይሆናል፤ ካነሱ አረንጓዴ ሆኖ ይፈርጣል። ስለዚህ ሁሉም ገምጋሚ «ክፉ አይደለም፣ ከአሥር ስድስት» ያለው ፊልም መቶ ከመቶ ሊያገኝ ይችላል፤ ግማሹ ያበደለት፣ ግማሹ የጠላው ፊልም ደግሞ 50 ይዞ ይወድቃል። ዳኛችን ግን 62 የያዘውን ፊልም «ለጥቂት ነው ያለፈው» ብለው እንደ ፈተና ውጤት ይገስጹታል።

በሚዛናዊነትም አይታሙም። ለሰባት ዓመት ልጅ የተሠራውን ፊልም አይተው «የልጅ ፊልም ነው» ብለው አንድ ኮከብ ይቀንሳሉ። ጠንቋይዋ ከጨለማው ዋሻ ብቅ ስትል ደግሞ «ይህ ለልጅ ይታያል?» ብለው ሌላ ይቀንሳሉ። በአሜሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ13 ዓመት በታች ልጅ ያለው ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስብ ፒጂ-13 የሚባል ደረጃ አለ። ዛሬ ከደረጃው ጎን ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ አስፈሪ ትዕይንት፣ ፍልሚያ፣ ሻካራ ቃል እያለ። መስመሩን ማንበብ ሦስት ሴኮንድ ይወስዳል፤ የዳኛ ጊዜ ደግሞ እንዲህ አይባክንም። ድራጎን መኖሩን ያለማቅማማት ከተቀበሉ በኋላ፣ ልጁ ድራጎኑን ሲጋልብ የራስ ቁር አለማድረጉን «እውነታን ያላገናዘበ» ይሉታል።

የችሎታቸው ጥልቀት የሚታየው ግን ፊልሙ ከሲኒማ ወርዶ ሳሎናቸው ሲገባ ነው። ቴሌቪዥኑ ከካርቶኑ እንደወጣ ነው ያለው፤ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» የሚባለው የሥዕል ሞድ ላይ። ይህ ሞድ የተሠራው መብራት በበዛበት የመሸጫ አዳራሽ፣ ጎኑ ከተደረደሩት ቴሌቪዥኖች ቀድሞ ዓይን እንዲይዝ ነው። ነጩን ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል፣ ቀዩን ያነደዋል፣ የተዋናዩን ጉንጭ ቀለም ይቀባዋል። ዳኛችን «ቀለሙ የተጋነነ» ብለው ይጽፋሉ። ልክ ናቸው፤ ያጋነነው ማን እንደሆነ መጠየቅ የመርማሪ እንጂ የዳኛ ሥራ አይደለም።

ከዚህም የሚበልጠው የእንቅስቃሴ ማለስለሻው ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው፤ ስክሪኑ ግን በሴኮንድ 60 ወይም 120 ጊዜ ይታደሳል። 120 ለ24 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል እያንዳንዱ ፍሬም አምስት ጊዜ ቢደገም ነገሩ ያልቃል። 60 ላይ አንዱ ፍሬም ሁለቴ፣ ቀጣዩ ሦስቴ እየተደገመ ካሜራው በዝግታ ሲዞር ትንሽ መንገጫገጭ ይታያል። ማለስለሻው ሲበራ ቴሌቪዥኑ መድገሙን ትቶ፣ በሁለት ፍሬሞች መካከል ማንም ያልቀረጸውን ፍሬም ከራሱ ይፈጥራል። ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ ግምቱ ይሳካለታል። ክንፍ ሲርገበገብ፣ ሰይፍ ሲወነጨፍ፣ ከበስተጀርባ ደግሞ ቅጠል የበዛበት ደን ሲኖር ግን የቱ ነጥብ ወዴት እንደሄደ ይጠፋበትና የፍጡሩ ጠርዝ እንደ ቀለጠ ላስቲክ ይዝረከረካል። የተሳካለት ቦታም ቢሆን ጭምብሉ ጭምብል፣ ግንቡ ቀለም የተቀባ ጣውላ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ፍርድ፦ «ኢፌክቱ ርካሽ ነው፤ ተከታታይ ድራማ ይመስላል።»

እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ተዋናዩ ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማክዋሪ ይህን ነገር አጥፉልን ብለው በቪዲዮ ተማጽነው ነበር። በዓመቱ የዩኤችዲ አሊያንስ የተባለው የአምራቾችና የስቱዲዮዎች ማኅበር «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል፣ ማለስለሻውን ባንድ ምርጫ የሚያጠፋ መላ አስተዋወቀ። ክቡርነታቸው ግን በተዋናይ ልመና የሚረቱ ሰው አይደሉም።

ማስተካከሉ ዳኝነትን የሚያበላሽ ስለሆነ ቀጥሎ ያለው እንዳይነካ ለማስጠንቀቅ ብቻ የተጻፈ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ፣ ፒክቸር የሚለውን ከፍቶ፣ ሞዱን «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» ማድረግ አደገኛ ነው። «ሞሽን» ወይም «ክላሪቲ» የሚለውን ንዑስ ዝርዝር ፈልጎ (እያንዳንዱ አምራች የራሱን ስም ስላወጣለት ፍለጋው ያናድዳል) ማለስለሻውን ኦፍ ማለት የባሰ አደገኛ ነው። ሻርፕነሱንም (የሥዕሉን ጠርዝ የሚያጎላውን) አይንኩ፤ በጽሑፍ ፊደሎች ዙሪያ ያለው ነጭ መስመር እስኪጠፋ ዝቅ ከተደረገ የተዋናዩ ፊት የሰው ፊት ይሆናል። ገለልተኛው ነጥብ በአንዳንዱ ቴሌቪዥን ዜሮ፣ በአንዳንዱ መሃል ላይ ነው። የኃይል ቆጣቢው በርቶ ይቆይ፤ ጨለማውን ትዕይንት ይበልጥ የሚያጨልመው እሱ ነውና። ብዙ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ማስተካከያው የሚሠራው ፊልሙ ለገባበት የኤችዲኤምአይ (የሥዕልና የድምፅ ገመድ) ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ፣ ማጫወቻውን ወደ ሌላ ቀዳዳ ያዛወረ ሰው ሁሉንም እንደገና መጀመር አለበት። ሁሉም ተደምሮ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ነገር መጥፋቱ ነው።

ከላይና ከታች ስላለው ጥቁር መደብ ያላቸው አቋም ደግሞ ለትውልድ ሊቀመጥ ይገባል። ብዙ ትላልቅ ምናባዊ ፊልሞች ስፋታቸው የቁመታቸው 2.39 እጥፍ ሆኖ ይሠራሉ፤ ዘመናዊ ቴሌቪዥን ግን 1.78 እጥፍ ነው። ስለዚህ 2160 መስመር ባለው ስክሪን ላይ ሥዕሉ 1607 ያህሉን ይዞ የቀረው ጥቁር ይሆናል። ምንም የተቆረጠ ነገር የለም፤ ሥዕሉ ሙሉውን ነው ያለው። ዳኛችን ግን የገዙትን ስክሪን ሩቡን ማንም ሊወስድባቸው አይችልም። ሪሞቱ ላይ ዙም የሚለውን ይጫናሉ። ስክሪኑ ሞላ፤ ከግራና ከቀኝ የሥዕሉ ሩብ ወጣ። በቀኝ ጥግ የቆመችው ንግሥት አፍንጫዋ ብቻ ይቀራል፣ በግራ ያለው ድንክ ከነመጥረቢያው ይሰወራል፣ ከታች የነበረው የትርጉም ጽሑፍም አንዳንዴ አብሮ ይሄዳል። «ካሜራማኑ የሚናገረውን ሰው እንኳ በቅጡ አያሳይም» የሚለው ታሪካዊ አስተያየት የተጻፈው በዚህ ሁኔታ ነው።

ድምፁም አልተረፈም። በ5.1 ቅንብር (አምስት ስፒከርና አንድ የጎርናና ድምፅ ሣጥን) ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከመሃለኛው ስፒከር ነው፤ ግራና ቀኙ ሙዚቃና እንቅስቃሴ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ አካባቢውን፣ «.1» የምትባለው ደግሞ የድራጎኑን እርምጃ ይይዛሉ። ማጉያው ላይ «መሃለኛ ስፒከር አለ» ተብሎ ተሞልቶ ስፒከሩ ግን ካልተገጠመ፣ ንግግሩ ወደሌለ ሣጥን ተልኮ ይቀራል። ተዋናዩ አፉን ይከፍታል፣ የሚሰማው ግን የዋሻው ማሚቶ ብቻ ነው። መፍትሔው ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ መሃለኛውን «የለም» ማለት ነው፤ ያኔ ንግግሩ ለግራና ለቀኝ ይከፋፈላል። ፍንዳታው ቤቱን ካናወጠና ሹክሹክታው ካልተሰማ ደግሞ «ናይት ሞድ» የሚባለው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ ያቀራርበዋል። ክቡርነታቸው ሁለቱንም አልነኩም። ተዋናዩ ንግግር እንዲማር መክረውታል።

ስለ ዲስኩ የሰጡት ፍርድም አጭርና ግልጽ ነው፦ «ተበላሽቶ ነው የመጣው፤ አይሠራም።» የፎር ኬ (ከተራው ብሉ ሬይ ዲስክ የጠራ ሥዕል ያለው) ዲስክ እስከ 100 ጊጋባይት የሚይዝ ሲሆን የራሱን ማጫወቻ ይፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ተራ ብሉ ሬይ ማጫወቻ ሊያነበው አይችልም። ተራው ብሉ ሬይ ደግሞ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ ለዓለም ክፍሎች የተመደበ ስለሆነ ከሌላ ክፍል የመጣ ዲስክ እንቢ ሊል ይችላል፤ ፎር ኬው ላይ ይህ የክልል ቁልፍ የለም። ካርቶኑ ጀርባ ላይ ያለው ምልክት ይህን ይናገራል፤ ግን ካርቶኑ ጥጉ ተጨፍልቆ ስለመጣ ዳኛችን በንዴት ጥለውታል። ለተጨፈለቀው ጥግም አንድ ኮከብ ተሰጥቷል፤ ለፊልሙ። ከዲስኩ ይልቅ በኢንተርኔት የሚያዩ ቀን ደግሞ መስመሩ ይደክምና ሥዕሉ ወደ ዝቅተኛ ጥራት ይወርዳል፤ «ሥዕሉ ደብዛዛ ነው» ይባላል። ስለ ስሪ ዲው አናነሳም፤ ቴሌቪዥን ሠሪዎቹ እንኳ ከተዉት ቆዩ።

ድሮ እንዲህ ያለ ዳኛ ባለመኖሩ ብዙ ስሕተት ተፈጽሟል። «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» የተባለው ምናባዊ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1939 ሲወጣ ወጪው ከባድ ስለነበር መጀመሪያ ላይ አላተረፈም። ኖቬምበር 3 ቀን 1956 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ በቴሌቪዥን አሳየው፤ ቆይቶም በየዓመቱ የሚጠበቅ ሆነ፣ የታላቅነቱም ዝና በብዛት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ቤት የነበረው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር። ልጅቷ የጎጆዋን በር ከፍታ ከግራጫው ዓለም ወደ ባለቀለሙ ስትገባ፣ ሳሎን የተቀመጠው ቤተሰብ ያየው ከግራጫ ወደ ግራጫ ስትሄድ ነው። ያም ሆኖ ወደዱት! አንድ ሰው እንኳ ተነስቶ «ቃል የተገባልን ቀለም የታለ?» ብሎ ኮከብ አልነሳም። ምን ዓይነት ዝርክርክ ትውልድ ነበር።

በመጨረሻ ክቡርነታቸው ዲስክን «ያለፈበት ነገር» ብለው ተሰናብተው ያንኑ ፊልም በዲጂታል ገዙት። አንድ ኮከብ የሰጡትን ፊልም ለምን ደግመው ገዙት የሚል ካለ ዳኝነትን አያውቅም ማለት ነው። «ግዛ» የምትለዋን ቁልፍ ሲጫኑ የተሰጣቸው ባለቤትነት ሳይሆን የማየት ፈቃድ ነው፤ ውሉ ላይ ተጽፏል፣ ውሉ ደግሞ ረጅም ነው። የመሸጫው መብት ሲያበቃ ፊልሙ ከስብስባቸው ወጣ። አሁን አቤቱታ አስገብተዋል። አቤቱታው «እኔና ልጆቼ እጅግ የምንወደው ፊልም» ብሎ ነው የሚጀምረው።