ጎመን ነቅሎ ሳር የሚተክል ኮሚቴ

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰሞኑን በየብሎኩ መግቢያ ማስታወቂያ ለጥፏል። በግቢው ክፍት ቦታ የጓሮ አትክልት ማልማት፣ በረንዳና ደረጃ ላይ በርበሬና እህል ማስጣት፣ እንዲሁም «ሽታ የሚፈጥሩና ለጤና ጠንቅ የሆኑ የማብላላት ሥራዎችን» ማከናወን ከእንግዲህ ክልክል ነው ይላል። ምክንያቱ «የግቢውን ገጽታ መጠበቅ» ነው። ወረቀቱ በተለጠፈ ማግስት ከብሎኩ ጀርባ የነበረው ጎመን ተነቀለ። በፍልሰታ! ግማሹ ነዋሪ ጾም ላይ ባለበት ሰሞን ጎመን ነቅሎ ሳር መትከል ምን የሚሉት ልማት ነው?

ነገሩ የአንድ ግቢ ጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ከጎረቤቶቼ ጋር ተጨቃጭቄ በተውኩት። ግን ሳር የሚወዱ ኮሚቴዎች በየሰፈሩ እየበዙ ነው። መንግሥት እንኳ በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ብሎ ከተነሳ ወዲህ ከተሜው በጓሮውና በደጁ እንዲያመርት ሲቀሰቅስ ነው የከረመው። ቴሌቪዥኑ «አምርቱ» ይላል፣ ኮሚቴው «ንቀሉ» ይላል። ጎመኑ ማንን ይስማ? ያ ቦታ እኮ ትንሽ ነው። የሐበሻ ጎመን ነበረበት፤ ከሥር ከሥሩ እየተቀነጠሰ ወራት የሚያበላ። ጥግ ጥጉን ጤና አዳምና በሶብላ፣ አጥሩ ጋ አንድ የጌሾ ዛፍ። አሁን ሳር ሊሆን ነው፤ ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ በጋ ሲገባ በጀሪካን የሚጠጣ ሳር።

በስብሰባው ላይ የተነሱትን ምክንያቶች ሁሉ አልዘረዝርም፤ አብዛኞቹ አይረቡም። «ለጤና ጠንቅ» የምትለዋ ግን ዝም ተብላ የምትታለፍ አይደለችም። ያችን የጻፈው ሰው ያን ዕለት ምሳውን በምን በላ? በእንጀራ ከሆነ፣ የበላው ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ የሰነበተ ሊጥ ነው። ያልተብላላ ይሻለኛል ካለ አፍለኛ ይጋገርለትና ሆዱ ይፍረድ።

እርሾ በተጣለበት የጤፍ ሊጥ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን የዱቄቱን ስኳር እየተመገቡ አሲድ ያመነጫሉ። ሊጡ የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው፤ በሽታ የሚያመጡት ተህዋስያን ደግሞ ያ ኮምጣጣነት አይስማማቸውም። ትርፉ በዚህ አያበቃም። ጤፍ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ ጠፍሮ ይዞ ሰውነታችን እንዳያገኘው የሚያደርገው ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር የሚቀንሰውም ሊጡ ሲብላላ ነው። እናቶቻችን ፋይቴት የሚባል ነገር መኖሩን ሳይሰሙ ሥራውን ሲሠሩት ኖረዋል። አንዷን ባለሙያ ቆሞ ማየት ነው። ከሊጡ ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ቀስ አድርጋ ትደፋለች። ከሊጡ ጥቂት ቀንሳ በፈላ ውሃ እያማሰለች አብሲት ትጥላለች፤ በረድ ሲልላት መልሳ ትደባልቀውና ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች። እንደ አሁኑ ባለ የክረምት ብርድ አንድ ቀን ትጨምራለች፣ በበጋ ትቀንሳለች። ቴርሞሜትር የላትም። ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፤ «ገና ነው» ካለች ገና ነው። ኮሚቴው የከለከለው ሽታ እንግዲህ የሙያዋ መለኪያ ነው።

ሲልጆንም እንየው፣ በስም ስላልጠሩት እንጂ የታሰበው እሱ ነውና። ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ ውሃው ይጠለላል። በዚያ ውሃ የባቄላ ዱቄት እየተማሰለ ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት ተከድኖ ይቀመጣል። ከቀናት በኋላ ሲከፈት ይሰነፍጣል፤ መሰንፈጥም አለበት። ሁዳዴን ሙሉ ያለ ሥጋና ያለ ወተት የሚያልፍ ሕዝብ ባቄላን እንዲህ አድርጎ ማጣፈጥ ካልቻለ ምን ሊበላ ነው? የታሸገ ማዮኔዝ? ጠላውማ ለዘመን መለወጫ ሊጠነሰስ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ከዚያ ጌሾው፣ ከዚያ ብቅሉ፣ ከዚያ እንኩሮው። የወይራ ጭስ ያስቸገረው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ በዓልን እንዴት አድርጎ እንደሚያሳልፍ እንጃ።

አንድ የኮሚቴ አባል «ሱፐርማርኬቱ ሁሉን ነገር ሞልቶ ሳለ በዚህ ዘመን በረንዳ ላይ በርበሬ ማስጣትን ምን አመጣው?» ሲሉ ጥቂት ሰው አጨበጨበላቸው። ምን እንዳመጣው ልንገራቸው። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ፣ እንጀራ ከጀሶ ጋር ተደባልቆ ተያዘ የሚለው ዜና ነው ያመጣው። ዜናውን አብረን ሰምተናል፣ አብረን «ወይ ጉድ» ብለናል። ዛላውን በሙሉው ገዝቶ፣ ሻጋታ የነካውን ለቅሞ ጥሎ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ቀንጥሶ፣ ከኮረሪማውና ከነጭ አዝሙዱ ጋር ራሱ ወፍጮ ቤት ቆሞ ያስፈጨ ሰው ቢያንስ የሚበላውን ያውቃል። እግረ መንገዴን፣ ዋሽንግተንና ቴላቪቭ ላሉት ዘመዶቻችን በሻንጣ የምንልከው በርበሬ የት የተሰጣ ይመስላችኋል? ኮሚቴው ውስጥ ላሉት ሰዎች ዘመዶችም ጭምር።

«የሠለጠነ ከተማ እንዲህ አያደርግም» የሚለውን ደግሞ እስኪ ከኮሪያውያን ጋር እናስተያየው። ሴኡል ፎቅ በፎቅ ከሆነች ቆይታለች። ኪምቺ፣ ለማያውቀው፣ ጎመን በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ ታሽቶ የሚብላላ ነው፤ ሽታው ከሲልጆ ቢብስ እንጂ አያንስም። ሰዎቹ አፓርታማ ሲገቡ ማሰሯቸውን ይዘው ገብተው በረንዳ ላይ ደረደሩት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኩባንያዎቻቸው ለኪምቺ ብቻ የሚሆን ፍሪጅ ሠርተው በገፍ መሸጥ ጀመሩ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኪምቺን ተሰባስቦ የመሥራቱን ባህል ዩኔስኮ መዘገበላቸው። ሽታ ሲያስቸግራቸው ማስታወቂያ አልለጠፉም፤ ፍሪጅ ሠሩ።

ከአጥሩ ሥር የነበረው ሳማም አብሮ ታጭዷል። ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት ክረምት በመጣ ቁጥር እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለጋ ለጋውን ጫፍ ይቆርጡ ነበር፤ እሳት ከነካው መለብለቡን ይተዋል። ይህ የደጋ ሳማ በተፈጥሮ የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ አገር ቢሆን በሬስቶራንት ሜኑ ላይ በኩራት በተጻፈ። እዚህ ግን እናትየው ሊቆርጡ ሲወርዱ «የረሃብ ምግብ ከኮንዶሚኒየም ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ተገኘ። አዎ፣ በክፉ ቀን ሰው አትርፏል። ሰው ያተረፈ ቅጠል ነው እንዴ የሚያሳፍረን? የምናፍርበት ነገር ከጠፋ ከደረጃው ሥር ያለው የፕላስቲክ ክምር አለ፤ እሱን ግን ማስታወቂያው አላነሳውም።

የአተላውን ነገር አልክድም። አተላ ደረጃ ላይ የሚደፋ ወይም ቱቦ የሚደፍን ጎረቤት ይቀጣ፣ እኔም እመሰክርበታለሁ። ከዚያ ያለፈ የምሰጠው ነገር የለም።

ለነገሩ ኮሚቴው ስለ ሽታ የሚናገርበት አፍ አለው? ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ኮሚናል የሚባለው ቤት አብሮ የተሠራው ለምን ሆነና? እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ በግ እንዲታረድበት ነው። ንድፉን ያወጡት ሰዎች ፎቅ ላይ የወጣ ሐበሻ ምጣዱን ትቶ እንደማይወጣ ገብቷቸው ነበር። የእኛው ኮሚናል ዛሬ የሸቀጥ መጋዘን ነው። አከራዩም ይኸው ኮሚቴ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ሰውን ከኮሚናሉ አስወጥቶ «በረንዳ ላይ አስጣህ፣ ኮሪደር ላይ ጠነሰስክ» ብሎ መክሰስ የለየለት ዓይን ማውጣት ነው።

ስለዚህ ኪራዩ ይቋረጥና ቤቱ ለነዋሪው ይመለስ፤ ምጣዱም ጋኑም እዚያ ይግባ፤ የሽታው ክርክር በዚያው ያልቃል። የተነቀለው ጎመንም በነቀሉት ሰዎች እጅ ይተከል፤ ዝናቡ ገና አላባራም፣ ይይዛል። ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ ጥንስስ ግን የኮሚቴ ስብሰባ አይጠብቅም። ነሐሴ ሳያልቅ የኮሚናሉ ቁልፍ ካልተሰጠን ጋኑ በረንዳዬ ላይ ነው፤ ኮሚቴው መቅጣት ከፈለገ የቤት ቁጥሬን ያውቀዋል።