ሲሊንደሯን በረንዳችን ላይ ብናስቀምጥላት ኖሮ

ወገኖቼ፣ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ሰፈር ሲፈርስ አይታችሁ «ተመስገን፣ ጸዳ» የምትሉ ሁሉ፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2016 ሕንድ አገር፣ ሙምባይ ከተማ ተማሪ ነበርኩ። አራት የአገር ልጆች ሆነን አምስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይተናል። ከግቢያችን አጥር ጀርባ በቆርቆሮና በሰማያዊ ሸራ የተሠሩ ቤቶች ተጠጋግተው ነበር። ምግብ የምትሠራልን ሴት የምትመጣው ከዚያ ነው። ማውሺ እንላታለን። በማራቲ ቋንቋ የእናት እህት ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ እንደምንጾም አንዴ ሰምታ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያስታውሳት ቅቤ ያልነካው ምስር ትሠራልን ነበር።

በዝናብ ወራት ቤት እንዳይፈርስ የክፍለ ግዛቱ መመሪያ ይከለክላል። ስለዚህ ተጣድፈው በግንቦት መጡ። ገና በጠዋቱ የዶዘር ድምፅ ቀሰቀሰን። በረንዳ ላይ ወጣን። ማውሺ በአንድ እጇ የጋዝ ሲሊንደር ትጎትታለች፤ በሌላው ፌስታል ይዛለች። ከፌስታሉ ውስጥ የራሽን ካርዷንና የመብራት ደረሰኞቿን አውጥታ ለአንዱ ኃላፊ አሳየችው። ገለጥ ገለጥ አደረገና መለሰላት።

እኔ ምን አደረግኩ? ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩ። የአገር ልጆች ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። «ልማት ማለት ይሄ ነው!» ተባለ። «የእኛም ከተማ እንዲህ በጸዳ!» ተባለ። ጭብጨባው፣ ሳቁ ጎረፈ። አንዱ የቤታችን ልጅ ማውሺ ስትሮጥ የሚታይበትን ቦታ ቆርጦ ሙዚቃ አስገባበት።

በማግስቱ በሰዓቷ መጣች። ሥራዋን ጨርሳ ስታበቃ፣ ሲሊንደሯን ለጥቂት ቀን በረንዳችን ላይ እንድናስቀምጥላት ለመነችን። አከራዩ ይቆጣናል አልናት። እሺ ብላ ሄደች። አልተመለሰችም።

ይሄን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ጥፋቷ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ሦስት ዓመት መዘግየቷ። ከ1995 ጀምሮ በሙምባይ አንድ አሠራር አለ። ገንቢው ለቆርቆሮ ቤት ነዋሪዎች በነፃ ፎቅ ቤት ይሠራል። በምላሹ ከፍ አድርጎ እንዲገነባና የተረፈውን በገበያ ዋጋ እንዲሸጥ ይፈቀድለታል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ያኔ የነፃ ቤት መብት የነበረው ከ2000 ጃንዋሪ 1 በፊት እዚያ መኖሩን በወረቀት ማሳየት ለሚችል ብቻ ነው። ማውሺ የመጣችው በ2003 ነው። ደግሞ ገንቢው የሚሮጠው መሬቱ ውድ ወደሆነበት ነው፤ ያልተመቸው ሰፈር ይጠብቃል። ከሌላ ቦታ ተነሥተው ማሁል ወደሚባል የከተማዋ ሰፈር የተወሰዱት ሰዎች ከነዳጅ ማጣሪያ አጠገብ ነው የሰፈሩት። አየሩ አሳመመን ብለው ፍርድ ቤት ቆሙ።

ከዚያ በፊት የነበሩት ሕጎችም ለድሃው ተብለው ነው የወጡት። በ1947 የቤት ኪራይ እንዳይጨምር ታሰረ፤ ባለቤቶቹ ማደስ ተዉ፤ ቤቶቹ አረጁ። በ1976 አንድ ሰው በከተማ ሊይዝ የሚችለው ባዶ መሬት ተገደበ፤ ብዙው መሬት በክርክር ታስሮ ቀረ። እስከ 2007 ድረስ እንዲሁ ነበር። በ2011 ሲቆጠር ከሙምባይ ቤተሰቦች ከመቶ 40 የሚበልጡት የቆርቆሮ ሰፈር ነዋሪ ሆነው ተገኙ። ያችን ከተማ ያሳደጋት ማን ይመስላችኋል? ፎቁን የገነባው፣ ታክሲውን የሚነዳው፣ ለእኔ ምስር የሚቀቅልልኝ ሰው የሚያድረው እዚያ ነው።

እናንተስ? አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር ሲፈርስ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መንገዱ መቼ ያልቃል?» ነው። ሰዎቹ የት እንደገቡ የሚጠይቅ ስፈልግ እውላለሁ። አውቃለሁ፣ ይሄን ለመናገር አፍ የለኝም። በረንዳው የእኔ ነበር። ሰው ማሳረፍ ቀርቶ አንዲት ሲሊንደር ማስቀመጥ አቅቶኛል።

ባለፈው ሳምንት ያ ሙዚቃ ያስገባው ልጅ ደወለልኝ። አሁን መሐንዲስ ነው፤ የልጆች አባት ሆኗል። ቪዲዮውን ከስልኩ ቢያጠፋውም ሴትዮዋ ከዓይኑ አልጠፋችም። «ለመሆኑ ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ከእጇ በልተናል፤ ስሟን አንድ ቀን አልጠየቅናትም።

እሱ ግን ይኸው ጠየቀ። ዘግይቶም ቢሆን ጠየቀ። ከመካከላችሁም እንዲህ የሚጠይቅ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም ብዬ፣ ደክሞኝም ቢሆን፣ እየጠበቅኩ ነው።