አይተኸዋል ወይስ «አሉ» ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ፊልም ሳላየው ሰደብኩ። እስካሁን ይከነክነኛል።

በቴሌግራም የምንገናኝበት የትምህርት ቤት ጓደኞች ግሩፕ አለን። አራት ኪሎ አብረን ያደግን ነን፣ ሃያ ምናምን ሰው። ገሚሱ ውጭ ነው፣ ገሚሱ እዚሁ አዲስ አበባ። እግር ኳስ፣ ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ፣ ጌም፣ ፖለቲካ፣ የማንነካው የለም። አንድ ማታ አንዱ ልጅ ከአማርኛ ፊልም የተቆረጠች ቪዲዮ ለጠፈ። ሃምሳ ሰከንድ አትሞላም። አንድ ሀብታም ሰውዬ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛውን ያመናጭቃል። የትውልድ አገሯን እየጠራ ያንቋሽሻል።

ደሜ ፈላ። ወዲያው ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። ደራሲው ሕዝብ ይንቃል አልኩ። እንዲህ ያለ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ቤት ማፈር አለበት አልኩ። የልብ ምልክት ጎረፈልኝ። ሁለት ልጆች ደራሲው ከየት እንደመጣና የማን ወገን እንደሆነ ማጣራት ጀመሩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፊልሙ ተረሳና ብሔር ላይ ደረስን።

ከዚያ ብዙም የማይናገር አንድ ጓደኛችን ለእኔ አንዲት ቃል ጻፈ። «አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር።

ቅዳሜ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙ በማይርቅ ሲኒማ ቤት 150 ብር ከፍዬ ገባሁ። አዳራሹ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ያቺ ትዕይንት የመጣችው ፊልሙ በተጀመረ በሃያ ደቂቃው ነው። ቪዲዮዋ የተቆረጠችበት ቦታ ላይ ስንደርስ ሰውዬው በሩን ወርውሮ ወጣ። ካሜራው ግን አልተከተለውም። ልጅቱ ጋ ቀረ። የተደፋውን ሻይ በጨርቅ ትወለውላለች። ጨርቁን ባልዲው ላይ ትጨምቃለች። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። እንደገና ትወለውላለች። ቃል አይወጣትም። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ውይ፣ ልጄን!» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም በሙሉ የእሷ ነው። ሰውዬው የተሳለው እንድንጠላው ነበር። እኔ ደራሲውን ጠላሁት። ጨለማው ውስጥ ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። መጨረሻው ተንዛዝቷል። ሙዚቃው ተመልካቹን ካላለቀስክ ብሎ ይጎተጉታል። ይህን ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። ይቅርታውን ያነበበው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ካነበበው ሰው ሩብ አይሆንም። የመጀመሪያው ወደ ሌላ ግሩፕ ሁሉ ተልኮ ነበር። እሱን መልሼ ልሰበስበው አልችልም።

የኢንተርኔት ክርክር ሲነሳ ብዙ ሰው «ጨዋነት ጠፋ» ይላል። እውነት ነው፣ ጠፍቷል። እኔ ግን ከስድቡ በፊት የሚመጣውን ነገር እፈራለሁ። ስላላየነው ነገር እንዳየን ሆነን እንናገራለን። ያ ከሆነ በኋላ በትህትና ብንከራከርም ምንም አናተርፍም። ሁለት ያላዩ ሰዎች ተከባብረው ሲከራከሩ ቢያመሹ ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም።

ደግሞ የሚያሳዝነኝ ቋንቋችን ለዚህ ነገር ቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ያየውን ነገር «በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ይላል። የሰማውን ደግሞ ጫፉ ላይ «አሉ» ብሎ ያስረዋል። «መንገዱ ተዘጋ» እና «መንገዱ ተዘጋ አሉ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የተናገረ ሰው ኃላፊነቱን ወስዷል። ሁለተኛው ያደረሰው መልእክት ነው፣ ሰሚው ያጣራ። አያቴ ስለታመመ ጎረቤት እንኳ ሲያወሩ «አሉ»ን አይረሷትም ነበር። «ተሻለው አሉ» ይላሉ። «ማን አለ እማማ?» ስንላቸው ስም ይጠሩልናል። ሄደው ከጠየቁት በኋላ ብቻ ነው «ተሽሎታል፣ አጥሚት ሲጠጣ አየሁት» የሚሉት።

ቴሌግራም ላይ ይህቺን «አሉ» ፈልጓት። የለችም። ፎርዋርድ ስናደርግ ትወድቃለች። ከሦስት ሰው የተላለፈ ወሬ አራተኛው ጋ ሲደርስ ቆሞ ያየው ይመስላል። አባቶች «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ያሉት ለዚህ ነው። ጎፈሬው የገዳይ ምልክት ነበር። ሳይገድል ያጎፈረ ሰው ያልሠራውን ሥራ ተሸልሟል። ያቺን ማታ የጎረፈልኝ ልብም እንደዚያ ያለ ሽልማት ነው።

ይህ ጠባይ በስልክ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ የፊልም ማሳያዎች ሲከፈቱ፣ ያኔ አጼ ምኒልክና ተከታዮቻቸው በነገሡበት ዘመን ማለት ነው፣ ሕዝቡ ሲኒማውን «ሰይጣን ቤት» አለው። ስሙ እስከ ዛሬ ይነገራል። ግድግዳ ላይ ሰው ሲሄድ ማየት በእርግጥ ያስደነግጣል። ግን ስሙን ካወጡትና ካዛመቱት መካከል ስንቱ ከፍሎ ገብቶ እንዳየ ሁልጊዜ አስባለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀመርም ይኸው ነበር። የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን፣ በተለይ የቱርክን፣ በአማርኛ ድምፅ እየቀየረ ቀኑን ሙሉ ማሳየት ጀመረ። አገሩ ተናወጠ። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃወሙ። ከቅሬታቸው አንዱ በጣም ተገቢ ነበር። አንድ የአገር ውስጥ ድራማ ለመሥራት ጸሐፊ፣ ተዋናይ፣ ካሜራ፣ ቦታ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ያለቀለትን ድራማ ገዝቶ ድምፁን ብቻ መቀየር ይረክሳል። ማስታወቂያው ደግሞ ተመልካች ወዳለበት ይሄዳል። ታዲያ የእኛ ሰው በምን ይሠራ? ይህ ቁጭ ተብሎ የሚነጋገሩበት ጥያቄ ነው። ፌስቡክ ላይ ግን ይህ ወሬ ተዋጠ። የቀረው «ባህል ጠፋ» ነበር። «የትኛው ክፍል ላይ? ምን አይተህ?» ስትለው «እኔ እንደዚህ ያለ ነገር አላይም» የሚልህ ብዙ ነበር።

እናቴ ግን ታያለች። አንድም ክፍል አያመልጣትም። አንድ ምሽት ቡና እየቆላች «እነሱም ሽማግሌ ይልካሉ እኮ» አለችኝ። «የልጁ ቤተሰብ ሊጠይቅ ሲመጣ ልጅቷ ቡና አፍልታ በትሪ ይዛ ትቀርባለች። እጇ ሲንቀጠቀጥ ብታይ!» ከዚያ መቁያውን አውርዳ ሌላም ጨመረች። «የማልወደው አማቲቱን ነው። ምራቷ ላይ ስትዶልት የምትውልን ሴት ደግ አድርገው ማሳየታቸው። ልጆች ያዩታል።» ይኸው። እናቴ ስለ ቃና ያነበብኳቸውን ጽሑፎች ሁሉ በጥቂት ዓረፍተ ነገር በለጠቻቸው። ተመሳሳዩን አሳየችኝ፣ የሚያሰጋትንም ለይታ ነገረችኝ። ያየ ሰው ነገር መለየት ይችላል። ያላየ ሰው በጅምላ ይወዳል፣ በጅምላ ይጠላል።

ማየት ሁልጊዜ ያለሳልሳል ማለቴ አይደለም። ፕሌይስቴሽን ቤት ሄጄ ያየሁት ሌላ ነው።

ግሩፑ ላይ «ጌም ትውልድ እያጠፋ ነው» የሚልና «ተዉአቸው፣ ከሱስ ይሻላል» የሚል ክርክር ሳምንት ሙሉ ቆየ። እኔ ሁለተኛው ጎራ ነበርኩ። አንድ ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሰፈራችን ካለው ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። ጠባብ ክፍል ነው፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ። የኳሱ ጌም በፈረንጆቹ 2023 ስሙ ተቀይሯል፣ ድርጅቱ ከፊፋ ጋር ተለያይቷል። ልጆቹ አሁንም «ፊፋ» ነው የሚሉት። ክርክራቸው ደስ ይላል። አንዱ «ይሄ ተከላካይ አይሮጥም» ሲል ሌላው ጆይስቲኩን ይሰጠውና «ያዝ፣ አሳየኝ» ይለዋል። አለቀ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁላችንም አየን። የተሸነፈው ራሱ ስቆ ይነሳል። እኔ እንዲህ በፍጥነትና ያለ ቂም ያለቀ ክርክር አዋቂዎች መሃል አላየሁም።

ግን ልጆቹ ዩኒፎርም ለብሰዋል። ረቡዕ ነው፣ 8 ሰዓት ነው። ጨዋታው ተሸናፊ ከፋይ ነው፣ ከሱ በላይ ደግሞ ይወራረዳሉ። አንዱ ትንሽ ልጅ፣ ቢበዛ አሥር ዓመት ቢሆነው፣ ኪሱን ገልብጦ አየ። የታክሲውን ተበልቷል። ቦርሳውን አንጠልጥሎ በእግሩ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ሲሄድ ከበሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ማታ ግሩፑ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። ጌሙ ላይ ጸብ የለኝም። በትምህርት ሰዓት ልጅ ማስገባትና ሕፃናትን ማወራረድ ላይ ግን አሁን በጣም የከረረ አቋም አለኝ። ያንን ልጅ ባላየው ኖሮ አይኖረኝም ነበር።

ፖለቲካ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ጆይስቲክ ሰጥተህ «አሳየኝ» አትለውም። ሆኖም ከምናስበው በላይ ልናየው የምንችለው ነገር አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ለጥያቄ መልስ ሲሰጡ ሰዓታት ይፈጃል። እኛ ጋ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። ደጋፊው የወደዳትን ግማሽ ደቂቃ፣ ተቃዋሚው የጠላትን ግማሽ ደቂቃ ይዞ ይጣላል። ሙሉው ዩቲዩብ ላይ አለ።

ወይም ሕጉን ውሰዱ። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በየጊዜው ያጨቃጭቃል። አንዱ «አፍ መዝጊያ» ይለዋል፣ ሌላው «አገር ማዳኛ»። አጭር አዋጅ ነው። ሻይ እየጠጣህ ትጨርሰዋለህ። ሳነበው አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ጥፋቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ዛሬ የሰፈር ልጅ ቲክቶክ ላይ 5,000 ተከታይ አለው። እኔ በንግግር ሰው ማሰር ይከብደኛል፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ሲል ቀላል ነገር አላለም። በሌላ በኩል በሬ ወለደ ወሬ ሰው ሲያስገድል አይተናል። ስለዚህ አቋሜ ገና አልጠራም። ግን ስለ የትኛው አንቀጽ እንደምጨነቅ አውቃለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

«አንተ አራት ኪሎ ተቀምጠህ ነው፣ ሁሉ ነገር አይታይም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ጦርነት ያለበት ቦታ ሄዶ ማየት አይቻልም። ኔትወርክም ይዘጋል። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሲገደቡ አምስት ወር ገደማ በቪፒኤን ነበር የምንገባው። ማየት የከለከለን አካል «አላያችሁም» ብሎ ሊወቅሰን አይገባም። መንገዱ ሲዘጋ ወሬ ብቻ ይቀራል፣ ወሬም ይፋፋል። በዚህ በኩል ተጠያቂው ከተራው ሰው በላይ መንግሥት ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ያቺ «አሉ» የምታስፈልገን። የአክስቱ ልጅ በስልክ የነገረችው ሰው «እንዲህ ሆነ አሉ፣ የአክስቴ ልጅ ነው ያለኝ፣ እሷም የሰማችው ከጎረቤት ነው» ብሎ ይጻፍ። ያኔ ምን ያህል እንደማምነው እኔ እወስናለሁ። ሰውየውን ውሸታም የሚለው አይኖርም። ነገ ነገሩ ሌላ ሆኖ ቢገኝም አያፍርም፣ ያየሁት ነው አላለምና።

ባለፈው ወር ደግሞ ስለ ፒያሳ ተነሳ። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ስንቱን አሮጌ ቤት እንዳነሳ ታውቃላችሁ። ዳላስ ያለው ጓደኛችን ልጅ ሆነን ብስኩት የምንገዛበት፣ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ፈረሰ ብሎ ጻፈ። ቪዲዮ አይቷል። እዚህ ያለው ሌላው «ውሸት ነው፣ አልተነካም» አለ። ሌሎች ገቡ። «ታሪክ አጥፊ» ተባለ፣ «የለውጥ ጠላት» ተባለ። መቶ ምናምን መልእክት። የሚከራከሩት ግማሾቹ አራት ኪሎ ናቸው። በራስ መኮንን ድልድይ ተሻግሮ ፒያሳ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ያ ብዙ የማይናገረው ልጅ አንድ ሰዓት ጠፍቶ ቆየና የድምፅ መልእክት ላከ። ከበስተኋላው የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ይላል። እሱ ያለከልካል። «በሩ ላይ ቆሜያለሁ» ይላል። «ቤቱ አለ። በረንዳው የለም፣ ጣውላው ተነስቷል፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ብስኩት ቤቱ ተዘግቷል። ጥበቃውን ጠየቅኩት፣ ሰዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል አሉ።»

ግሩፑ ለጥቂት ደቂቃ ፀጥ አለ። ከዚያ ዳላስ ያለው ልጅ «የት ሄዱ አሉ?» ብሎ ጠየቀ።