ነጠላው የብራና ቅጠል ከየት እንደ መጣ ይነገረን

በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ለእይታ ከሚቀርቡት የመካከለኛው ዘመን የቅብጥ (የግብፅ ክርስቲያኖች) ብራናዎች ብዙዎቹ ነጠላ ቅጠሎች ናቸው። መግለጫቸውም ብዙ ጊዜ አገርንና ዘመንን ከመጥቀስ አያልፍም። እንዲህ ያለው መግለጫ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ቅጠሉ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተገነጠለና ቀሪዎቹ ቅጠሎች የት እንዳሉ ስለማይናገር፣ ጎብኚው ቁራጩን እንደ ሙሉ ሥራ እንዲያይ ያደርገዋል።

በላይኛው ግብፅ፣ በሶሃግ አቅራቢያ የሚገኘው ነጭ ገዳም ጥሩ ማሳያ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ያስተዳደሩት አባ ሲኖዳ ናቸው፤ በእኛም ስንክሳር ሐምሌ 7 ቀን ይታሰባሉ። አብዛኞቹ ከ9ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት የገዳሙ ብራናዎች፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እየተበተኑ ከስፍራቸው ወጡ። ካርዲናል ስቴፋኖ ቦርጂያ የሰበሰቧቸው ለኔፕልስና ለቫቲካን ተከፈሉ፤ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈረንሳዊው የጥንታዊ ግብፅ ተመራማሪ በጋስቶን ማስፔሮ አማካይነት የተገዙት በሺዎች የሚቆጠሩ ቅጠሎች ፓሪስ ገቡ፤ ሌሎችም ለንደን፣ ቪየና፣ ላይደንና ካይሮ ደረሱ። አንዱን ጥራዝ ፈትቶ ለብዙ ገዢ መሸጥ ለነጋዴ ያዋጣል፤ የእኛም አገር ብራናዎች ከዚህ ዕጣ አላመለጡም።

ቅጠሉን ጠጋ ብሎ ላየው ግን የመጣበትን የሚያመለክት ምልክት አለው። ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓምድ የተደረደረ ነው፤ በላይኛው ጠርዝ ደግሞ በቅብጥ ፊደላት የተጻፈ፣ ከላዩ ሰረዝ ያለበት የገጽ ቁጥር ይታያል። የመጨረሻው መስመር ዐረፍተ ነገሩን ሳይቋጭ ሲያበቃ፣ ተከታዩ ሐረግ በሌላ አገር፣ በሌላ የመዝገብ ቁጥር ሥር ይገኛል። የቅብጥ ጽሑፎች ተመራማሪው ስቴፈን ኤመል በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሲኖዳን ዘጠኝ የሥርዓት መጻሕፍትና ስምንት የስብከት ጥራዞች መልሰው ያደራጁት የተበተኑትን ቅጠሎች ከየአገሩ እያገናኙ ነው።

እውቀቱ ካለ ከመስታወቱ አጠገብ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም። የጥራዙ መለያ፣ የገጹ ቁጥር፣ እንዲሁም ከፊቱና ከኋላው የነበሩት ቅጠሎች የሚገኙበት ከተማ ሦስት መስመር አይሞሉም። ይህ ቅጠሎቹን ወደ ሶሃግ አይመልስም፤ የማስመለሱ ጥያቄ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ቦታ ጠበበን ለሚሉ ግን፣ ለለጋሹ ስም ቦታ ከተገኘ ለመጽሐፉም አይጠፋም።