ሲስተር፣ አንቺ እኮ መልአክ ነሽ!

የሰው ልጅ ነርሶችን በማመስገን ረገድ የደረሰበትን ደረጃ ሳላደንቅ ብቀር ንፉግ እባላለሁ። ጨረቃ ላይ የወጣነው እኛ ነን። ልብ አውጥተን ልብ የተካነውም እኛ ነን። የሁለት ሰው ሥራ ለአንዲት ሴት አሸክመን፣ "አንቺ እኮ መልአክ ነሽ" ብለን ሒሳብ የዘጋነውም እኛው ነን። (ወንድ ነርሶችም አላችሁ፣ አልዘነጋኋችሁም። እናንተን "ዶክተር" እያልን ስለምንጠራችሁ ችግራችሁ የተፈታ መስሎን ነው።)

መልአክ የሚለው ማዕረግ በአጋጣሚ አልተመረጠም። መልአክ አይበላም፣ አይጠጣም። ሽንት ቤት አይሄድም። ወገቡን አያመውም። ልጁ አተኮሰው ተብሎ ከቤት አይደወልለትም። ከሁሉም በላይ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠይቆ አያውቅም። ለአሠሪ ከዚህ የተሻለ ሠራተኛ ከየት ይመጣል? ሰው ቀጥሮ ሰውነቱን በውዳሴ መሰረዝ፣ መቼም ትልቅ የአስተዳደር ጥበብ ነው።

እስቲ አንዷን መልአክ ሥራ ላይ እንያት። አዳር ናት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። 3 ቁጥር አልጋ ላይ ያሉት አባት ካኑላቸውን፣ እጃቸው ደም ሥር ላይ የተሰካችውን ቀጭን ቱቦ፣ ነቅለው አንሶላው በደም ርሷል። የ5 ቁጥር ግሉኮስ አልቋል። 8 ቁጥር ቀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አሁን የደም ግፊቱ እየወረደ ነው። ተረኛው ሐኪም ተደውሎለታል፣ ግን ሌላ ዋርድ ተይዟል። ከወዲያ ጥግ አንድ ማሽን ይጮኻል። አብራት የምታድረው ጓደኛዋ ታማ ቀርታለች፣ ተተኪ አልተገኘም። እሷ ከምሽቱ ርክክብ ጀምሮ ሽንቷን እንደያዘች ነው። በዚህ መሃል የ6 ቁጥር አስታማሚ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ጣቱን ያስጮሃል። "ሲስተር! ኧረ ሲስተር! ትራሱ አልተመቸውም!"

ሄዳ ትራሱን አስተካከለች። ፈገግ ግን አላለችም።

የእኛ የአድናቂዎቿ ንቃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነርስ መጉደሏን ማናችንም ልብ አላልንም። ፈገግታዋ ሲጎድል ግን ወዲያው ነቃን። ገና ሳይነጋ ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ፤ "ርኅራኄ ከምድር ጠፋ፣ ፊቷን ብታዩት!" ከሥር ተሰልፈው "ያሳፍራል" የሚሉት ደግሞ ባለፈው ወር "ነጭ ለባሽ ጀግኖቻችን" ብለው በሦስት ልብ ያጀቡት ሰዎች ናቸው። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት ይከብዳል። ሁለገብነት እንበለው።

ክርስቲና ማስላክ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በዚህ ፊት ላይ ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባልደረባቸው ጋር ሆነው በርንአውትን፣ ማለትም የሥራ ውጥረት የሚያመጣውን መዛል፣ የሚለካ መጠይቅ አወጡ። ሦስት ነገር ይለካል፤ ስሜቷ ተሟጥጦ ማለቁን፣ ሕመምተኛውን ከሰው ይልቅ እንደ ቁጥር ማየት መጀመሯን፣ "የምሠራው ሁሉ ምን ዋጋ አለው" ማለቷን። ስለዚህ ሰውየውን "8 ቁጥር" ብላ የምትጠራው፣ ፊቷም እንደ ግድግዳ የደነዘዘው ሴትዮ በደንብ የታወቀ ምልክት እያሳየች ሊሆን ይችላል። እኛ ግን መጠይቅ ምን ያደርግልናል? ከበሩ ላይ ቆመን "ጸባይዋ ነው" ብለን መርምረን እንጨርሳለን።

የዓለም ጤና ድርጅትም ባያወጣው የሚሻል ነገር አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም ላይ ሲያስቀምጠው በሽታ አላለውም። ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው፣ የሚመጣውም ሥራ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየና በአግባቡ ካልተያዘ ውጥረት ነው አለ። ይኼ አደገኛ አነጋገር ነው። ጥፋቱ ከሥራው ነው ከተባለ፣ ነገ ሥራውን አስተካክሉ መባሉ አይቀርም። ብልህ አለቆች ይህን ቀድመው ስላዩ ሴትየዋን ማስተካከል መረጡ።

"ጭንቀትን የመቋቋም ሥልጠና" የተወለደው እንዲህ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል። መገኘት ግዴታ ነው። ከአዳር የወጡትም ይመጣሉ፣ ዕረፍት ላይ የነበሩትም ይጠራሉ። አሠልጣኙ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ከፍቶ ድምፁን ያለሰልሳል። "ዓይናችሁን ጨፍኑ። በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳቡ። አሁን ቀስ ብላችሁ አውጡ።" ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ የኋላው ረድፍ ጭልጥ ብሎ ተኛ። አንዷ ታንኮራፋለች። የአንዷ እስክሪብቶ ከእጇ ወድቆ ወንበር ሥር ገብቷል። አሠልጣኙ በጣም ተደሰተ። ሪፖርቱ ላይ "ተሳታፊዎች ከፍተኛ የመረጋጋት ደረጃ ላይ ደርሰዋል" ብሎ ጻፈ። እውነት ለመናገር ሥልጠናው ጠቅሟቸዋል። ወደ አርባ ደቂቃ ገደማ ተኝተዋል።

ይህን የመሰለ መፍትሔ እያለ የሚያወሳስቡ ሰዎች አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2002 የነርስነት ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ 168 ሆስፒታሎችን ይዘው ቆጠራ ጀመሩ። በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ፣ ነርሷ በበርንአውት የመያዝ ዕድሏ ደግሞ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። ካሊፎርኒያማ ጭራሽ ብሶባታል። ለአንዲት ነርስ በሚሰጡ ሕመምተኞች ቁጥር ላይ በሕግ ጣሪያ አበጅታ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለችው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከ2 በላይ አይቻልም! እንዴት ያለ ደረቅ ሕግ ነው? "ጀግና" አይል፣ "እናታችን" አይል፣ ቁጥር ብቻ።

እኛ ግን በቁጥር አንሸነፍም። እ.ኤ.አ. 2020 የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ተብሎ ነበር። ያኔ የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት ዓለም ላይ ወደ 28 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉ፣ 5.9 ሚሊዮን ደግሞ እንደሚጎድሉ ተናገረ። ኮሮናም በዚያው ገባ። ምን ቢደረግ ጥሩ ነው? ሰዉ በየመስኮቱና በየሰገነቱ ወጥቶ አጨበጨበ! ድስትና መጥበሻ ሳይቀር ተደበደበ። እጃችን እስኪቀላ ሠራን። 5.9 ሚሊዮኑ ባይመጡም የእኛን ጥረት ማንም ሊክደው አይችልም።

የነርሶች ቀን በየዓመቱ ግንቦት 4፣ በፈረንጆቹ ሜይ 12 ይከበራል። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው የእንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ልደት ነው። ፖስተሩ ላይ መብራቷን ይዛ በሌሊት ቁስለኞቹ መሃል ስትዞር እናያታለን። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ዞራለች። ፖስተሩ የማያሳየው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ከጦርነቱ ታማ ተመለሰች። ከ1857 ጀምሮም ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ከክፍሏ ሳትወጣ፣ ከአልጋዋ ሳትነሳ ነው የሠራችው። አልጋው ላይ ሆና ደግሞ ስለ መስዋዕትነት ግጥም አልጻፈችም። ወታደሩ በምን እንደሚሞት በቁጥርና በሥዕል እያስቀመጠች፣ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ ሆስፒታል አሠራር ባለሥልጣናቱን መውጫ አሳጣቻቸው። መብራት የያዘችዋ ትመቸናለች። ሰንጠረዥ የያዘችዋ ግን ስብሰባ ታበላሻለች። ስለዚህ ፖስተሩ ባለበት ይቆይ። ኬኩም ይቆረስ፣ ቲሸርቱም ይታደል። ለአዳር ገቢዎች የኬኩ ካርቶን ይደርሳቸዋል።

"አልቻልኩም፣ አእምሮዬ ደክሟል" የምትል ብትገኝስ? ለእሷም መላ አለን። "ይህን ሙያ ስትመርጪ አታውቂም ነበር?" እንላታለን። ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ልሂድ ካለች ደግሞ ሁለት ጊዜ እንድታስብ እንመክራታለን። አንዳንድ አገር የሙያ ፈቃድ የሚያወጡበት ቅጽ ራሱ ስለ አእምሮ ሕመም ይጠይቃል። ቅጽ በሌለበትም ወሬ አለ። የሌላውን ቁስል ስታጥብ የምትውል ሴት የራሷን መደበቅ አለባት። እንቅልፍ ማጣቷን ጓደኛዋም አታውቅ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ ማልቀሷንም ማንም አይይ። አልቅሳ ስትጨርስ ፊቷን ታጥባ ትገባለች፣ እኛም "ዛሬ ደግሞ አምሮብሻል ሲስተር" እንላታለን።

የምስጋናችን ጫፍ የሚታየው ግን ስትለቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ ጠይቃ "ሰው የለም" የተባለችው ሴት መልቀቂያ ስታስገባ፣ ለሽኝቷ የሚሆን ሰው ከየክፍሉ ይጎርፋል። አበባ አለ። የምስክር ወረቀት አለ፣ ስሟ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ "ክፍተቷን የሚሞላ አይገኝም" ይላል። ቃሉን ያከብራል። ክፍተቷ አይሞላም፣ ሕመምተኞቿ ለቀሩት ይከፋፈላሉ። ከወራት በኋላ አንድ ማስታወቂያ ይለጠፋል፦ "ነርስ እንፈልጋለን። ብዛት አንድ። ከፍተኛ የሥራ ጫና መቋቋም የምትችል። ፈገግታ ያላት ብትሆን ይመረጣል።"