ጉበት ላይ ለታየ እባጭ ሁሉ አዲስ አበባ መላክ እስከ መቼ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አልትራሳውንድ ብርቅ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ደብረ ብርሃን ላይ በየክሊኒኩ በር ተጽፎ ታዩታላችሁ፣ ሸዋ ሮቢትም መሀል ሜዳም ዓለም ከተማም ሆስፒታል ሄዶ መነሳት ይቻላል፣ ጤና ጣቢያ ድረስ የወረደበት ቦታም አለ። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ማሽኑ ከተገኘ በኋላ ስለሚመጣው ችግር ብዙ ሲወራ አልሰማም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አልትራሳውንዱ "ጉበት ላይ እባጭ አለ" ይልና እዛው ላይ ይቆማል። ካንሰር ነው? መግል ነው? ወይስ ሰው እድሜውን ሙሉ ይዞት ቢኖር ምንም የማያደርገው ነገር? እሱን ብዙ ጊዜ አይለይም። ከዛ ሪፈር ይጻፋል፣ ሲቲ ስካን በኮንትራስት (ምስሉ እንዲጎላ ደም ስር ውስጥ በሚሰጥ መድሃኒት) ይባላል፣ ከመንዝ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣበት ድካም ሳይወጣለት ሰውየውን አዲስ አበባ ድረስ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል።

ይሄ 130 ኪሎ ሜትር ለመኪና ባለቤት ምንም ነው። ለገበሬ ግን በግ ወይ በሬ መሸጥ ነው፣ አስታማሚ ይዞ መሄድ ነው፣ አዲስ አበባ ዘመድ ከሌለው አልጋ መከራየት ነው፣ የመንግስት ሆስፒታሉ ወረፋ አልደርስ ካለውና ወደ ግል ከሄደ ደግሞ ያ ሁሉ ከኪሱ ነው። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ሪፈሩ ወረቀት ብቻ ሆኖ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ብሩ እስኪሞላ ጸበል የሚሰነብትም አለ፣ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስም አለ፣ ከነዚህ ውስጥ እባጩ ምንም ያልነበረ ስንቱ ነው በጭንቀት የከሳው፣ ካንሰር የነበረበትስ ስንቱ ነው ሊታከም የሚችልበት ጊዜ ያለፈበት?

እኔ የምለው፣ ከነዚህ ጥያቄዎች ብዙዎቹ እዛው አልትራሳውንድ አልጋው ላይ ሊመለሱ ይችላሉ። ዘዴው አዲስ ፈጠራ አይደለም፣ አውሮፓ ውስጥ ሶኖቪው የሚባለው መድሃኒት ከ2001 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ጀምሮ ተፈቅዶ እየተሰራበት ነው። በኮንትራስት የሚሰራ አልትራሳውንድ ይባላል፣ በክንድ ደም ስር በኩል ይሄ መድሃኒት፣ ማለትም በጣም ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች፣ ይሰጡና ደሙ እባጩ ውስጥ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ በቀጥታ ስክሪን ላይ ይታያል።

እንዴት ነው የሚሰራው ለሚል ሰው፣ ትንሽ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሲገባችሁ ነው ለምን እንደምጮህ የሚገባችሁ። በተራው አልትራሳውንድ ደም ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፣ ቀይ የደም ህዋስ ማሽኑ የሚልከውን ድምጽ በጣም ደካማ አድርጎ ስለሚመልስ። ዶፕለር የሚባለው፣ በ1842 ሀሳቡን ባቀረበው በኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ስም የሚጠራው ማለት ነው፣ የሚሄድ ደም ያሳያል ግን የሚጎብዘው ትልልቅ የደም ስሮች ላይ ነው። እባጭ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን የደም ስሮች ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄደው ደም ያመልጠዋል፣ ሰውየው ሲተነፍስ ጉበቱ ራሱ ከደሙ በላይ ስለሚንቀሳቀስ። አረፋዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚገቡት። ሮቢት መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ውሃው በየትኛው ቦይ እንደሚሄድ ለማየት ገለባ ጣል እንደሚያደርገው ነው። እያንዳንዷ አረፋ በአማካይ 2 ወይ 3 ማይክሮሜትር ናት፣ ቀይ የደም ህዋስ 7 እና 8 ስለሚሆን አረፋዋ ሳንባንም አልፋ ጉበትም ኩላሊትም ደርሳ ቀይ የደም ህዋስ የሚገባበት ሁሉ ትገባለች። ውስጧ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባል ጋዝ ነው፣ ውጪዋ ስስ የቅባት ሽፋን። የአልትራሳውንዱ ድምጽ ሲመታት ትጨመቃለች ትለጠጣለች፣ ስትለጠጥ የምትመልሰው ድምጽ ደግሞ ስጋ ከሚመልሰው የተለየ ስለሆነ ማሽኑ የስጋውን ድምጽ አጥፍቶ የአረፋዋን ብቻ ያስቀራል። ለዚህም ነው ማሽኑ ድምጹን በጣም ቀንሶ የሚሰራው፣ ከበረታባት ትፈነዳለችና።

ሌላው ትልቅ ነገር አረፋዋ ከደም ስር አትወጣም። የሲቲ እና የኤምአርአይ ኮንትራስት ከደም ስር ወጥቶ ስጋው ውስጥ ይሰርጋል፣ ይቺ ግን እዛው ደሙ ውስጥ ናት፣ የምታየው የደም ጉዞን ብቻ ነው። በኩላሊትም አትወጣም፣ ጋዙ በደቂቃዎች ውስጥ በትንፋሽ ይወጣል። ስለዚህ ክሬያቲኒኑ (የኩላሊት ድካም የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከፍ ያለ ነው ተብሎ የሲቲ ኮንትራስት የተከለከለ የኩላሊት ታማሚ ይሄን ማግኘት ይችላል። ጨረርም የለውም፣ አዮዲንም የለውም።

ወደ ጉበቱ ልመለስ። ጉበት ደሙን ከሁለት ቦታ ነው የሚያገኘው፣ ከልብ ከሚመጣው አርተሪ እና ከአንጀት ከሚመጣው ፖርታል ቬን፣ አብዛኛው ከአንጀት በሚመጣው ነው። የጉበት ካንሰር ግን ደሙን በዋናነት ከአርተሪ ነው የሚስበው። ስለዚህ መድሃኒቱ ከተሰጠ በኋላ እስከ 30 እና 45 ሰከንድ ባለው ጊዜ ካንሰሩ ከሌላው ጉበት ቀድሞ ቦግ ይላል፣ ከደቂቃ በኋላ ደግሞ ሌላው ጉበት እንደበራ እሱ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ከሌላ ቦታ ተሰራጭቶ የመጣ ካንሰር ከሆነ ደቂቃም ሳይሞላ ነው የሚጠቁረው። ሄማንጂዮማ የሚባለው ጉዳት የሌለው የደም ስር ጉንጉን ከዳር ዳር መብራት ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ መሀል ይሞላል። መግል የቋጠረ ከሆነ ዳሩ ይበራል መሀሉ ግን ደም ስለሌለው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ይሄ ሁሉ 5 ወይ 6 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል! ሰውየው ገና ጄሉን ከሆዱ ላይ ሳይጠርግ ብዙውን ጊዜ መልሱ ይታወቃል ማለት ነው። ፖርታል ቬን ውስጥ የረጋ ደም ሲገኝም እንደዛው፣ ዝም ብሎ የረጋ ደም ከሆነ አይበራም፣ ካንሰሩ ራሱ ሰርጎ ገብቶ ከሆነ ይበራል፣ ይሄ ልዩነት ደግሞ የህክምናውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል።

ለምን ጉበት ጉበት ትላለህ ካላችሁኝ፣ እኛ ጋ ጉበት ስለሚጠቃ ነው። ህዝቡ የወፍ በሽታ ብሎ ከሚጠራው ጀርባ ብዙ ጊዜ የጉበት ቫይረስ አለ፣ ሄፓታይተስ ቢ ሀገራችን ውስጥ በብዛት የሚገኝ ነው፣ ሳይታወቅ ለዓመታት ቆይቶ ወደ ጉበት ካንሰር ይሄዳል። ቆላው ላይ፣ በሮቢትና በአጣዬ በኩል፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉበትን አጠንክሮ ደም እስከማስታወክ የሚያደርስ። አረቄውም አለ። እንዲህ የተጎዳ ጉበት ላይ አንድ ነጥብ ስትታይ "ከ6 ወር በኋላ ተመለስ" ማለት ቀላል አይደለም፣ ሁሉንም አዲስ አበባ ሂድ ማለትም ልክ አይደለም።

ሌላም አለ። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ የተገለበጠ መኪና፣ በሬ የወጋው፣ ገደል የወደቀ ልጅ። ድንገተኛ ክፍል የሚሰራው አልትራሳውንድ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም መኖሩን ነው የሚያየው፣ ጣፊያው ወይ ኩላሊቱ ተሰንጥቆ ገና ደም ካልፈሰሰ ሊያመልጠው ይችላል። በአረፋው ግን የተሰነጠቀው ቦታ ደም ስለማይደርሰው ጥቁር መስመር ሆኖ ይለያል። ለልጅ ደግሞ ይሄ ወርቅ ነው፣ በየቀኑ ቢደገም ጨረር የለውማ። አሜሪካም ብትሆን ለጉበት የፈቀደችው ዘግይታ በ2016 ነው፣ ስትፈቅድ ግን ለአዋቂም ለህጻናትም ነው የፈቀደችው።

አሁን የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፣ ከስራ ባልደረቦቼም እሰማዋለሁ። "ጓንት እንኳ በሚያልቅበት ሀገር አንተ የአረፋ መርፌ ትላለህ እንዴ?" ይሉኛል። ጓንት ማለቅ የለበትም፣ እዛ ላይ አንጣላም። ግን ይሄን እንደ ቅንጦት የሚያየው ሰው ተቃራኒውን ስሌት አይሰራም። የቅንጦት የሚሆነው ሲቲውም ኤምአርአዩም በአንድ ግቢ ላለው ሆስፒታል ነው፣ እሱ ሌላ አማራጭ አለው። እኛ አልትራሳውንድ ብቻ ያለን ሰዎች ነን ካለን ማሽን ብዙ ማውጣት ያለብን። የመድሃኒቱ ዋጋ ርካሽ አይደለም፣ ነገር ግን ከአንድ ብልቃጥ ጎን የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የሲቲው ክፍያ እና የቀረ የእርሻ ስራ አስቀምጡና አስሉት። መንግስት የሚያወጣው ብር ብቻ ነው እንዴ ወጪ የሚባለው? ገበሬው ያወጣውስ?

አደጋ የለውም ወይ? አለው፣ መድሃኒት ነውና። ጣሊያን ውስጥ ከ23 ሺህ በላይ ምርመራዎች ታይተው ከባድ ችግር የገጠመው በ2ቱ ላይ ነው፣ ከ10 ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን አጠገብ ሳይኖር፣ ከመርፌው በኋላም ታማሚውን ግማሽ ሰዓት የሚከታተል ባለሙያ ሳይኖር መስራት አይገባም። ሲቲን ሙሉ በሙሉ ይተካል የሚል ካለም ተሳስቷል። በአንድ መርፌ በደንብ የምታየው አንድን እባጭ ነው፣ ካንሰሩ ሳንባ ደርሷል ወይ የሚለውን አይመልስም፣ ታማሚው በጣም ወፍራም ከሆነ ወይ እባጩ ጥልቅ ከሆነ ይከብዳል። ስለዚህ አሁንም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይኖራል። ግን መሄድ ያለበት ይሄዳል፣ ሄማንጂዮማ ያለባት እናት ደግሞ ፍየሏን ሳትሸጥ ቤቷ ትገባለች።

መድሃኒቱ እስኪመጣ ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። ይሄ ዘዴ ሲጀመር ራሱ በውድ መድሃኒት አልነበረም። በ1968 አሜሪካ ውስጥ ግራሚያክ እና ሻህ የሚባሉ ሐኪሞች ናቸው በቱቦ የሰጡት ፈሳሽ የያዘው አረፋ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ስር ውስጥ እንደ ደመና ሲታይ የዘገቡት። ዛሬም ሁለት ስሪንጅ፣ ባለ ሶስት መንገድ ማገናኛ፣ 9 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ስር የሚሰጠው የጨው ውሃ) እና 1 ሚሊ ሊትር አየር ይዛችሁ ከአንዱ ስሪንጅ ወደ ሌላው ብትገፉት አረፋ ይሆናል። በክንድ ሲሰጥ የልብ ቀኝ ክፍል ይሞላል፣ ይሄኛው አረፋ ትልልቅ ስለሆነ ሳንባ ያጣራዋል፣ በ3 የልብ ምት ውስጥ በግራ በኩል ከታየ ግን ልቡ መሀል ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በወጣትነቱ ስትሮክ የመታው ሰው ላይ ይሄ ጥያቄ ወሳኝ ነው። በቲቢ ምክንያት ልብ ዙሪያ ውሃ ሞልቶ በመርፌ ሲቀዳም፣ ደም ሲወጣ ሐኪሙ መርፌው ልብ ውስጥ ይሁን ልቡን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ይጨነቃል፣ ትንሽ ከዚሁ አረፋ ሲሰጥ የት እንደታየ አይቶ ያውቃል። ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚሰራ ሐኪምና ማሽን ካለ ሌላው ዕቃ ስቶር ውስጥ አለ፣ የሚያስፈልገው ማሰልጠን ነው።

ማሰልጠኛውም ሩቅ አይደለም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም የሚጠራ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው፣ ከዛ የሚወጡት ልጆች ናቸው ነገ መራቤቴም ኤፍራታም የሚመደቡት። በመጀመሪያ ጥቂት የራዲዮሎጂና የውስጥ ደዌ ሐኪሞች በደንብ ይሰልጥኑና ውጤታቸውን ታማሚዎቹ ከሚነሱት ሲቲ ጋር እያነጻጸሩ ይመዝግቡት፣ ከዛ ነው ወደ ሌላው ሆስፒታል ማስፋት።

የመጨረሻው ነገር ግዢ ነው። ብዙ መካከለኛ ደረጃ ያላቸው አልትራሳውንዶች ኮንትራስት ሞድ የሚባለውን፣ አረፋውን ለይቶ የሚያሳየውን ፕሮግራም መጫን ይችላሉ፣ ግን ሲገዙ ካልተጠየቀ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ በኋላ ለማስከፈት ደግሞ ሌላ ብር ሌላ ደብዳቤ ሌላ ዓመት ነው። ስለዚህ የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ በዞንም በክልልም ያላችሁ፣ ቀጣዩን ማሽን ስትገዙ ኮንትራስት ሞዱ ከነሆድና ከነልብ ፕሮቡ (ሰውነት ላይ የሚደረገው መመርመሪያ) ተከፍቶ ይምጣ ብላችሁ አንድ መስመር ጨምሩበት፣ የመድሃኒት አቅርቦት የምትሰሩም መድሃኒቱን ዝርዝራችሁ ውስጥ ለማስገባት ጥያቄውን ዘንድሮውኑ አንሱት።