ጥርሱን ሳናይ የላክነው

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ቅር አይበላችሁ፣ ራሴንም አልምርም።

እነዋሪ ገበያ የጅሩ ሰንጋ ስንገዛ እንዴት እንደምንሆን ታውቁታላችሁ። ሦስት ጊዜ እንዞረዋለን። አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን። ሻኛውን ጨበጥ፣ ጎኑን መታ እናደርጋለን። ዋጋ ይጠራል፣ እንሄዳለን፣ ተመልሰን እንከራከራለን። ይሄ ሁሉ ለአንድ ፋሲካ ነው። አምስት ዓመት የሚቀመጥ እንደራሴ ስንልክስ? ተሰልፈን፣ ምልክቱን ፈልገን፣ ጣታችንን ቀለም አስነክረን ወደ ቤት። አለቀ።

አንድ ሰው አውቃለሁ። ስሙን ተዉት፣ በየወረዳው አምሳያው አለ። አስተማሪ ነበር፣ ያውም ጎበዝ አስተማሪ። ኋላ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገባ፣ ከዚያ ክልል ምክር ቤት፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ የተወካዮች ምክር ቤት። ሲገባ ፓርቲው ብአዴን ነበር። በ2011 አዴፓ ሲባል እሱም አዴፓ ሆነ። በ2012 ብልጽግና ሲመጣ እሱም በለጸገ (በስም ማለቴ ነው)። ኮቱ ያው ነው፣ ባጁ ነው የሚቀያየረው። ሰው ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንዳችንም “ምን አይተህ ተለወጥክ?” አለማለታችን ነው።

ታዲያ ምን ጠየቅነው? የራሴን ልናገር። በጥር፣ ደብረ ብርሃን ሣሩ ላይ ውርጭ በተጋገረበት ጠዋት ቤቱ ሄድኩ። ማር በቢጫ ጀሪካን ይዣለሁ። በረንዳው ላይ ሰባት ሰው ቀድሞኛል፣ ሁሉም ወረቀቱን በክላሴር ታቅፏል። አንዱ ልጁን ሊያስቀጥር፣ አንዷ ቦታ ልታስመራ። የእኔ የእህቴ ዝውውር ነበር። ተራዬ ሲደርስ ስለ መንገዱ፣ ስለ ማዳበሪያው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በጀት ሲጸድቅ እጁን ለምን እንዳወጣ አልጠየቅኩም። “ጋሼ፣ እህቴን አደራ” ብዬ ማሩን ለሠራተኛዋ ሰጥቼ ወጣሁ። ዝውውሩ ተሳካ። ከዚያ ወዲህ እሱን የምጠይቅበት አፍ የለኝም።

ፓርቲው የራሱን ድርሻ ይውሰድ። የበረንዳው ድርሻ ግን የእኛ ነው። ጉዳይ አስፈጻሚ አደረግነው፣ እሱም ተመቸው።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 ገልጣችሁ እዩ። የተወካዩ ተገዥነት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ የለም። ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅም አይከሰስም። የመረጠው ሕዝብ እምነት ካጣበት ደግሞ በሕግ መሠረት ሊያነሳው ይችላል። አፈጻጸሙ ኮረኮንች መንገድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን “እናነሳሃለን” የሚል ሰው መጀመሪያ ሰውየው ምን እንደሠራ ማወቅ አለበት። ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ሥራ ላይ ነው። ስብሰባው በቴሌቪዥን ሲመጣ እኛ ቻናል ቀይረን ኳስ እናያለን። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል ወኪላችን ምን ብሎ እንደተናገረ፣ ጨርሶ ተናግሮ እንደሆነም አልተከታተልኩም። ስለ አጣዬ ግን ቡና ቤት ተቀምጬ ስንት ሌሊት አውርቻለሁ።

እንደራሴያችንን የምናውቀው በለቅሶ ነው። ድንኳን ሲገባ ሽማግሌው በርኖሱን ሰብስቦ ይነሳል፣ ወንበር ይለቀቃል። “እሱ እኮ ሰው አክባሪ ነው፣ ለቅሶ አይቀርም” እንላለን። ይድረስ፣ ደግ አደረገ። ለቅሶ ደራሽ ግን መንደሩ ሙሉ አለን። ለዚያ ለዚያማ ማንንም አዲስ አበባ መላክ ባላስፈለገን።

ይህን እየጻፍኩ እህቴ ደወለች። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። “እስቲ ያን ሰውዬ አነጋግርልኝ፣ አንተን ያውቅህ የለም?” አለችኝ። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን “ማር አሁን ስንት ገባ?” የሚል ነበር።